ጎማ ገላጩ

ጎማ የሰውን ዕጣ ይናገራል ብዬ ያመንኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። አምኜም ዝም አላልኩም። ዕጣውን ላቃና ብዬ የእናቴን ሁለት ማንኪያ አጣምሜያለሁ፤ እናቴ ራሷ ከአዲስ ሥራዋ ከመቅረት የዳነችው ለጥቂት ነው። አሁን ሚኒያፖሊስ ውስጥ ብስክሌት እየጠገንኩ የምኖር ሴት ነኝ። በቀን አሥር፣ አሥራ አምስት ጎማ በእጄ ያልፋል። አንዱም እስከ ዛሬ ስለ ነገ ነግሮኝ አያውቅም፤ ትናንት የሆነውን ግን ሳይጠየቅ ይዘከዝከዋል። ያኔ ይህን ልዩነት የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም፤ ቢያስረዱኝም የምሰማ ልጅ አልነበርኩም።

የምንኖረው ሴንት ፖል ውስጥ፣ ከስኔሊንግ አቨኒው ሁለት መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ ባለ ሦስት ፎቅ አፓርትመንት ነበር። ከአሥራ ሁለቱ ቤት ሰባቱ የእኛው ሰው ነው። ምድር ቤት ጋሼ ባህሩዲንና ባለቤቱ እትዬ ከሚሪያ ይኖራሉ። ጋሼ ባህሩዲን ኮምቦልቻ ሳለ ብስክሌት ያከራይና ይጠግን ነበር። እዚህ አውሮፕላን ያጸዳል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን የጋራዡን በር ከፍቶ የሕንፃውን ልጅ ሁሉ ብስክሌት ያይልናል።

አሠራሩ እንደ ሌላ ሰው አልነበረም። ምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም። ብስክሌቱን በኮርቻው ገልብጦ ያቆመዋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ጎማውን ቀስ አድርጎ እያዞረ በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ይዳብሰዋል። ከዚያ ይናገራል።

"አንተ ሚካኢል" አለው አንድ ቀን የገዛ ልጁን። "ፍሬን አንቀህ መሬት ለመሬት እየተንሸራተትክ ነው የምትቆመው።"

ሚካኢል አፉን ከፈተ። "ሁ ቶልድ ዩ?"

"ጎማህ። በዚህ ከቀጠልክ ሳምንት አትቆይም፣ ትወድቃለህ።"

ሐሙስ ዕለት ሚካኢል ወደቀ። የፊት ጥርሱ ተሸረፈ። ዛሬ ሳስበው ነገሩ ቀላል ነው፤ እየተንሸራተተ የሚቆም ልጅ ጎማው አንድ ቦታ ላይ ይላጣል፤ የሚካኢል ጎማ ደግሞ ከመላጥም አልፎ ክሩ ወጥቶ ነበር። ያን ጎማ አይቶ ትወድቃለህ የማይል ጠጋኝ የለም። እኔ ግን በዚያ ሐሙስ ለጋሼ ባህሩዲን ልቤን ሰጠሁ።

እምነቴን ያጠነከረው አባቴ ነው። አባቴ አለልኝ ጋራዡ ብቅ ካለ አፉ አያርፍም። "ኧረ ሞራ ገላጩ!" ይለዋል። "አባትህ በበግ ሞራ፣ አንተ በጎማ! ምን ታየህ ዛሬ?"

"በጉን ብትገዛልኝ በሞራውም አየው ነበር" ይለዋል ጋሼ ባህሩዲን። ሁለቱም ይስቃሉ። እኔ አልሳቅኩም፤ ሞራ ገላጭ ምን እንደሆነ ልጠይቅ ሦስተኛ ፎቅ እማማ ማሚት ዘንድ ወጣሁ። አባቴም እናቴም ጠዋት በሌሊት ስለሚወጡ ትምህርት ሲዘጋ የምውለው እሳቸው ቤት ነበር።

"በግ ሲታረድ" አሉኝ፣ "ሆድ ዕቃውን የሚያለብስ ስስ ስብ አለው፤ ሞራ ማለት እሱ ነው። አዋቂው ወደ ብርሃን ዘርግቶ ያየውና የሚመጣውን ሁሉ ይናገራል። ዝናቡን፣ ሠርጉን፣ ሞቱን። ግራው ከሳሳ ግን አያድርስ ነው!"

"ከሳሳ ምን ይሆናል?"

"ከቤት ሰው ይወጣል።"

"የት ይሄዳል?"

"ይወጣላ! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" አሉና ወደ ቴሌቪዥናቸው ተመለሱ።

እማማ ማሚት ተወልደው ያደጉት አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ሰፈር ነው። ሞራ ሲገለጥ በዓይናቸው አይተው እንደማያውቁ የነገሩኝ እኔ ሃያ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ስለ ጋሼ ባህሩዲን አባትም ጠይቄ ነበር። የአሰብ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ በግ ሲታረድ ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰው። አባቴ ያን ሁሉ ያወራው ለጨዋታ ማድመቂያ ብቻ ነው።

የነሐሴ መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ የአባቴን ብስክሌት እየገፋሁ ወደ ጋራዡ ወሰድኩ። ጸደይ ላይ ያርድ ሴል፣ ሰው ግቢው ውስጥ አሮጌ ዕቃውን ሲሸጥ ገዝቶት፣ ሁለት ቀን ነድቶት፣ ወገቤን አለና ደረጃው ሥር የጣለው ነው። ዕጣው እንዲታይለት ፈልጌ ነበር። ጋሼ ባህሩዲን ገለበጠው፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጣቱን ሰደደ። ከዚያ ዓይኑን ገለጠ። ጎማ ሲዳብስ ዓይኑን ሲገልጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ይሄን ማነው የሚነዳው?"

"ማንም። አባዬ ትቶታል።"

"ኧረ በአላህ!" መነጽሩን አደረገ። "ቀኙ እኮ አዲስ ነው። ግራው ግን ተበልቷል። በተለይ የኋላው፣ ይሄው እጅሽን አምጪ፣ ልሙጥ ሆኗል። ሰው እየዞረበት ነው። ወደ ግራ ብቻ፣ አንድ ቦታ ላይ..."

"ባህሩዲን!" አለች እትዬ ከሚሪያ ከበሩ ላይ። ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ነው።

እሱ አያት። እሷም አየችው። ብስክሌቱን ቀስ ብሎ አቃናና በጨርቅ ወለወለው፤ ምንም ያልቆሸሸውን።

"ምንም የለበትም ፋንዬ። ይሄን ጎማ እኔም አላየሁት፣ አንቺም አላየሽው።"

ሐኪም ዝም ሲል በሽተኛ የሚያስበውን አሰብኩ። ግራው ሳስቷል። ከቤት ሰው ሊወጣ ነው። ቤታችን ውስጥ ያለነው ደግሞ ሦስት ነን።

ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልቆየሁም። የዚያኑ ዕለት አመሻሹ ላይ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ የተኛሁ መስዬ ሳዳምጥ፣ አባቴና እናቴ ኪችን ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

"ዉድበሪ ያለውን ሥራ ከያዝኩ አምስቱን ቀን እዛው ማደር ነው" ትላለች እናቴ።

"ልጅቷስ?"

"ቅዳሜና እሁድ አለሁ።"

"እሱማ እንግዳ እንጂ እናት አይባልም።"

"እሱን እኮ ነው የምልህ። እስቲ ሰኞ ይምጣ፤ ሰኞ ይለይለታል።"

ስለዚህ እናቴ ናት። የሺሀረግ ናት የምትወጣው፤ ሰኞ። ወዲያው ሳምንታት ሙሉ ያየሁት ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ። እናቴ ከሥራ እንደመጣች ነጠላ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ትከትና ከእትዬ ከሚሪያ ጋር ትወጣለች። ስትመለስ ክንዷ ተቧጭሯል፣ ጉልበቷ ተልጧል። ምን ሆንሽ ስላት "በር መታኝ" ትለኛለች። ከሁሉ የከፋው ግን ደስ ብሏት መመለሷ ነው። ፊቷ ቀልቶ፣ አልቧት፣ ብቻዋን እየሳቀች ነበር የምትገባው። ከእኛ ልትገላገል ስለሆነ ነው አልኩ። ራት አልበላም ብዬ ተኛሁ፤ አሞኛል አልኩ፤ ደግሞም እውነቴን ነበር።

እሁድ አባቴና እናቴ ብሉሚንግተን ክርስትና ተጠርተው ሄዱ። እማማ ማሚት ምሳ አብልተውኝ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ጣላቸው። ቀስ ብዬ ወረድኩ። ቤት ገብቼ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አነሳሁ፤ ጋሼ ባህሩዲን ኮምቦልቻ ውስጥ ጎማ የሚያወልቀው በማንኪያ እንደነበር ነግሮን ነበር። የጋራዡ ቁልፍ የት እንደሚንጠለጠል ደግሞ የሕንፃው ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ከፍቼ ብስክሌቱን እየገፋሁ ገባሁ።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ግራው ከሳሳ የኋላውን ጎማ አውልቄ በሌላ ጎኑ እገጥመዋለሁ። ያኔ ቀኙ ነው የሚሳሳው። ቀኝ ሲሳሳ ምን እንደሚመጣ እማማ ማሚትን ስላልጠየቅኩ እንግዳ ይመጣል ብዬ ራሴ ወሰንኩ። እንግዳ ጥሩ ነው። ሳምቡሳ ይሠራል።

ሥራው የሁለት ሰዓት ትግል ሆነብኝ። ጥፍሬ ደማ። ማንኪያዎቹ እንደ መንጠቆ ጎበጡ። ግን ጎማውን አገላብጬ ገጠምኩት፣ ድንጋይ እስኪመስል ነፋሁት፣ ሰንሰለቱን መለስኩት፤ ደረጃው ሥርም እንደነበረ አቆምኩት። ተንበርክኬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። በነገራችን ላይ ጎማውን ማገላበጤ ስህተት አልነበረም። ዛሬም አንድ ጎኑ የተበላ ጎማ ሲመጣልኝ ገና ዕድሜ ካለው እንደዚያው አደርጋለሁ። ስህተቴ ማንኪያው ነው። ከመነዳሪ የሚባለውን የውስጥ አየር መያዣ ላስቲክ ከብረት ክቡ፣ ከቸርኬው ጋር ቆንጥጬ በስቼዋለሁ። ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ታህል ስለነበረች አየሩ የወጣው ሌሊቱን ሙሉ፣ በቀስታ ነው።

ሰኞ ገና ሲነጋ የበር ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ሮጬ ወጣሁ። እናቴ ሰማያዊ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ሻሿ ላይ ሄልሜት ደፍታ ከግቢው በር አጠገብ ቆማለች። እትዬ ከሚሪያ ከጎኗ ናት። አባቴ የዕረፍት ቀኑ ስለነበር በፒጃማና በነጠላ ጫማ ከኋላዋ ወርዶ፣ "የሺ፣ ምንድነው እሱ ጭንቅላትሽ ላይ ያለው?" ይላል። እናቴ አልመለሰችለትም። ብስክሌቱን ይዛ የኋላ ጎማውን ታያለች። ጎማው ቸርኬው ሥር ተጨፍልቆ ተኝቷል። የእናቴን ፊት ሳይ ያደረግኩትን አወቅኩ፤ እንደዚያ ስትደነግጥ አይቻት አላውቅም ነበር።

"አትሂጂ!" ብዬ ወገቧ ላይ ተጠመጠምኩ። "እኔ ነኝ ያገላበጥኩት! ግራው ሳስቶ ነበር! ከቤት ሰው እንዳይወጣ ብዬ ነው! ፕሊስ ማሚ፣ ዶንት ጎ!"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

"የምን ግራ?" አለ አባቴ።

መጀመሪያ የገባት እትዬ ከሚሪያን ነው። "ያ ረቢ!" አለችና አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ ሳቋን ለቀቀችው። እየሳቀች ከእናቴ ቦርሳ ውስጥ ነጠላውን መዘዘችው። ነጠላ መሆኑ ቀርቶ ገመድ ሆኗል፤ ተገምዶ፣ ጫፍና ጫፉ ተቋጥሮ።

"አባቴ ወረኢሉ ውስጥ ፈረስ ገሪ ነበር" አለች። "የሺን ብስክሌት ሳስተምርም የማውቀው የሱን ዘዴ ነው። ያ የተዘጋው ሱቅ ፓርኪንግ ሎት ላይ ይሄን ወገቧ ላይ አስሬ፣ ጫፉን ይዤ መሃል እቆማለሁ። እሷ ትዞረኛለች። ፈረስ ሲገራ የሚጀመረው በግራ ነው። ሰባት ሳምንት ሙሉ! ፈረስ ብትሆን እኮ እስካሁን ለጉግስ ደርሳ ነበር!"

አሁን እንደ ባለሙያ ሳስበው ሰባት ሳምንት ብቻውን ጎማን እንደዚያ አይልጥም። ጎማው ያረጀ ነበር፤ አስፋልቱም እንደ ሞረድ የሻከረ። በዚያ ላይ የሰው ክብደት ይበልጡን የሚያርፈው ኋላ ነው። ሌላም ምክንያት ነበር፤ እሱን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። እናቴ ልምምድ ሳትጀምር ሁልጊዜ አየሩን ግማሽ ታስተነፍሰው ነበር። ጎማው ለስለስ ካለ ስወድቅም ለስለስ ብዬ እወድቃለሁ ብላ። እንዲህ ላላ ብሎ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ጎማ ቶሎ ይበላል።

እናቴ ቁጢጥ ብላ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። "እኔ የት ነው የምሄደው?"

"ዉድበሪ። አምስት ቀን።"

"ዉድበሪ እንዳልሄድ ነው እኮ የምማረው!" አለች። "እዚሁ ሦስት ማይል ላይ የአረጋውያን ቤት የቀን ሥራ አገኘሁ። በዚያ ሰዓት ባስ የለም። ማታ ማታ አንቺን ላይሽ ብዬ ነው ጉልበቴ የተላጠው፣ የኔ ሞኝ!"

ሞኝ ስትለኝ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለ አባቴ።

"ትስቃለህ ብዬ ነዋ! መንጃ ፈቃዱን ሦስቴ ስወድቅ ሦስቴም ስቀሃል።"

አባቴ ነጠላ ጫማውን አየ። "በይ ነይ፣ ዛሬ ዕረፍቴ ነው፣ ራይድ ልስጥሽ።"

"ዛሬ አደረስከኝ፤ ነገ አንተ ሌሊት በአሥር ሰዓት ወጥተህ ማን ያደርሰኛል? አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ፓንች አድርጌ ሥራ መግባት አለብኝ። በራሴ እመጣለሁ ብዬ ነው ሥራውን የተቀበልኩት። ዛሬ ካልሄድኩ ነገ ድፍረቱን አላገኘውም።" ዙሪያዋን ቃኘች። ዓይኗ የእኔ ብስክሌት ላይ አረፈ። ሐምራዊ ነው። መሪው ላይ ዘርፍ ተንጠልጥሎበታል፣ ከፊቱ የፕላስቲክ አበባ ያለው ቅርጫት አለው።

"ያንቺ ጎማ ደህና ነው?"

"ደህና ነው" አልኩ በኩራት።

"እስቲ አውሺኝ።"

ስትወጣበት ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ደረሰ። አባቴ ከንፈሩን ነከሰ፤ ሳቁን ዋጠ፤ ለዚህም ዛሬ ድረስ አመሰግነዋለሁ። "ዓይንሽን ከፊትሽ!" ትላለች እትዬ ከሚሪያ። "መሪውን አትነቂው! እንደ እንቁላል ያዢው!" እናቴ ወደዚህ ተንገዳገደች፣ ወደዚያ ተንገዳገደች፣ ከግቢው ወጣች፤ ወጥታም ወደ ግራ ታጠፈች።

"ሥራዋ በቀኝ ነው እኮ!" ብሎ ጮኸ አባቴ።

"በቀኝ መታጠፍ ገና አልጀመርንም" አለች እትዬ ከሚሪያ። "ለሚቀጥለው ሳምንት ነበር ያሰብነው።"

እናቴ ጥግ ላይ ስትደርስ እንደገና ወደ ግራ ታጠፈችና ከዓይናችን ጠፋች። ሰማይ ተደፋብኝ። አሁን የነገረችኝን ሁሉ ረሳሁት፤ የማውቀው መንገዱ የተሳሳተ መሆኑን ብቻ ነው። ሥራዋ በዚህ፣ እሷ በዚያ። እሪ ልል አፌን ስከፍት እትዬ ከሚሪያ እጄን ያዘችኝ። "ምን ትቆሚያለሽ? ነይ በጓሮ!"

ሮጥን። ኮሪደሩን ሰንጥቀን፣ የልብስ ማጠቢያውን ክፍል አልፈን፣ በጓሮ በር ከሕንፃው ጀርባ ወዳለው መንገድ ወጣን። የአባቴ አንድ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ቀርቷል። መንገዱ ባዶ ነው። አንድ ሽኮኮ ብቻ አጥሩ ላይ ተቀምጦ ያየናል። ቆምን። እትዬ ከሚሪያ በከንፈሯ ትቆጥራለች፤ አባቴ ትንፋሹን ይዟል።

ከዚያ ከጥግ የመሪው ዘርፍ ብቅ አለ። ቀጥሎ ሄልሜቱ። ቀጥሎ የእናቴ ሁለት ጉልበት፣ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ። ሦስት ጊዜ ወደ ግራ ታጥፋ ወደ ቀኝ የሚወስደውን አቅጣጫ ይዛለች። እሷና እትዬ ከሚሪያ የመድኃኒት ቤት ከረጢት ላይ እስከ ሥራዋ በር ድረስ ግራ ግራውን ብቻ የሚያስኬድ መንገድ ስለው እንደነበር በኋላ አይቻለሁ። በፊታችን ስታልፍ እጇን ማንሳት አልቻለችም፤ ዓይኗንም ከመንገዱ አልነቀለችም። ግን ጮኸች።

"ፋንዬ! እመጣለሁ! ዛሬውኑ እመጣለሁ!"

እትዬ ከሚሪያ እልልታዋን አቀለጠችው። ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ተከፈተና እማማ ማሚት ፀጉራቸውን ሳያስሩ ብቅ አሉ። "ምነው? ማን ወለደ?" አባቴ በአንድ ጫማ መንገዱ መሃል ቆሞ በሁለት እጁ ያጨበጭባል፤ ዕንባው ጢሙ ውስጥ እየገባ። "የሺ! የሺ! የሺ!" ይላል፣ ስታዲየም እንደገባ ሰው።

አራት ደቂቃ ነው ያረፈደችው። በጥቅምት መጨረሻ፣ በረዶው ሳይወርድ፣ በአራተኛው ሙከራ መንጃ ፈቃዱን አገኘች፤ ብስክሌቱ ፍርሃቴን ወሰደልኝ ትላለች። አሁን ስታሽከረክር በቀኝም በግራም ትታጠፋለች፤ እኛን የሚያስፈራን ፍጥነቷ ሆኗል።

ያን ቀን ግን ከስምንት ሰዓት ጀምሮ የጓሮው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳት። እማማ ማሚት ግቢ ቢሉኝ አልገባም አልኩ። አባቴ አይስክሬም ይዞልኝ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ቀልጦ እጄ ላይ ሲፈስ አላየሁትም። ዘጠኝ ተኩል አለፈ። አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው መጣች። ላብ በላብ ሆና፣ የሥራ ልብሷ እስከ ጉልበቷ ተሰብስቦ፣ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በሐምራዊ ብስክሌት ላይ ሆና "ሃይ! ሃይ!" እያለች። ከእግሬ ሥር ስትደርስ ወረደች፤ ብስክሌቱን ሣሩ ላይ ለቀቀችው።

"ምን አልኩሽ?" አለችኝ። "መጣሁ አይደል?"

ሄልሜቷን ሳታወልቅ ነው ያቀፈችኝ። ጠርዙ ግንባሬን መታኝ፤ አላመመኝም።